ልክ

ዶክተሯ ተናገረች። ስልኩ ውስጥ ያለው ሰው፣
ከቶሮንቶ ነኝ ያለኝ፣ ጉንፋን የያዘው፣
ቃሏን ገልብጦ ሰጠኝ፦ «ዒላማህ ሰባት ነው።»

ዒላማ?
ተኳሹ ማነው ታዲያ? እኔ ነኝ? እሷ ናት?
ወይስ እኔው ነኝ፣ ክቡ የተሳለብኝ ደረት?
ሰውየው አሳለና «ግብህ ልበል» አለ፤
ቆየና «ልክህ» አለኝ፣ ቃሉ መስሎት የቀለለ።
«ልክህን እወቅ» ግን በእኔና በሱ አፍ
ከጥፊ ቀጥሎ ነው። ያውቃል፤ ዝም አለ ቃሉ እስኪያልፍ።

ውጤቴ ስምንት ተኩል። በቀይ ቀለም ታትሞ
ከስሜ ጎን ይጠብቀኛል፣ እንደ አበዳሪ ቆሞ።
የሦስት ወር ጉርሻዬን ደሜ ቆጥሮ ይዞ
ለሷ ነግሮብኛል፣ በብልቃጥ ተጉዞ።
ደም ሲባል ዘመድ ይመስለኝ ነበር፤
ለካ ውስጥ ለውስጥ እየዞረ
ነገር የሚያመላልስ ነው።

ቢላዬን ግን አታውቀውም።
ብሩክስ፣ ሥጋ ፋብሪካው፣ ሦስተኛው መስመር ላይ
የአልበርታ ከብት በመንጠቆ ይመጣል፣ ይሄዳል፤
ደሙ በቦይ ሲወርድ
ማንም አይለካው፣ ማንም አይፈርምበት።

ታኅሣሥ ላይ፣ ልክ እንዳለችኝ ሆኜ፣
ክኒኗን ውጬ፣ ዳቦዬን ገምሼ፣
ሦስት ሰዓት ሲሆን በዚያ ብርድ ላብ አጠመቀኝ፤
ቢላው ረዘመብኝ፣ ሥጋው ራቀኝ፣
እጄ የሌላ ሰው እጅ ሆነ።
የአጎናፍር ክንድ እዚያው ነበረ፤
ስንዝር። አንድ ስንዝር ቀረ።
«ሦስት ነጥብ አንድ» አለ መለኪያው በኋላ፣
እርጥቡ ወለል ላይ ተቀምጬ
የብርቱካን ጭማቂ ከነሽቦ ጓንቴ ስጨልጥ።

ከዚያ ወዲህ ብልሃት ተማርኩ፦
ከመስመሩ በፊት አንድ ሙዝ፣ ሁለት ከረሜላ፤
ዐሥር ሆኜ እገባለሁ፣ ዐሥራ አንድም ብሆን ግድ የለኝ፣
በእኔ ስኳር የሰው ክንድ ከተረፈ።

«ይህን ለምን አልነገርከኝም?»
በተርጓሚው ድምፅ ውስጥ ቁጣዋ አልነበረም፤
ወይም ከመጀመሪያውም አልተቆጣችም።
«አልጠየቅሽኝማ» አልኳት።
ምን ብሎ እንዳለሰለሰው እንጃ፣ ፈገግ አለች።

ቀጠለች ስለ ኩላሊት፣ ስለ ዓይን፣ ስለ እግር ጣት።
እውነቷን ነው። ያው አጎናፍር፣ ክንዱን ያተረፍኩለት፣
ግራ ጫማው ውስጥ ጥጥ ይጎዘጉዛል
ሁለቱ ጣቶቹ በነበሩበት።
«እኔ ምንም የለብኝ» እያለ ነው የኖረው፤
ዛሬም ሲያነክስ ጫማው ነው ይላል።

እንደ በግ ገበያ ቆመን ተከራከርን፣
እሷ ሰባት፣ እኔ ስምንት፤
እሷ የምትፈራው ለሰባ ዓመቴ፣
እኔ ለነገ ጠዋት ሦስት ሰዓት።
ሁለታችንም ልክ ከሆንን፣
ልኩ የቱ ላይ ነው?

በመስኮቱ የከብት መኪና አለፈ፣ ጎኑ በረዶ ለብሶ፣
በቀዳዳዎቹ እንፋሎት እየተነፈሰ።
ዶክተሯም እያየችው ነበር።
«ሥራ ስትገባ ስንት ሰዓት ነው?» አለች፤
በአራት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ።
ትንሿን ነጭ ክኒን ሰርዛ
ሌላ ጻፈችልኝ፤ ይኼኛው እጅ አያንቀጠቅጥም ብላ።
ከቁጥሩ ቦታ ላይ፣ በእስክሪብቶ ሳይሆን በእርሳስ፣
ሰባት ተኩል።
አልተስማማሁም። አልተስማማችም።
እስከ ሰኔ ይቆይ አልን።

ተርጓሚው ስልኩን ሊዘጋ ሲል፣
ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ለኔ ብቻ፦
«እኔ ዘጠኝ ነኝ። ከትናንት ወዲያ ነገሩኝ።
ቤት አልተናገርኩም።»
ከዚያ አሳለ።

«ምን አለ?» አለች ዶክተሯ። ይህን ያህል እንግሊዝኛማ አለኝ።
«ጉንፋኑ ነው» አልኳት።